ለጽጌረዳው ጣራ አለ፣ ለቲማቲሙ የለም

ዛሬ ስለ ጉምሩክም ስለ ምንዛሬም አልጽፍም። የማነሣው ቲማቲም ነው፤ በተለይ የክረምቱ ቲማቲም።

አምና ፍልሰታ በገባ በአራተኛው ቀን ሞያሌ ባለችው መጋዘኔ በር ላይ ቆሜ ከመቂ የመጣልኝን አይሱዙ አስራግፍ ነበር። የተጫነው መቶ ሳጥን ነው። ሸራው ሲገለጥ ከሳጥኑ በፊት ሽታው ወረደ። ዝናብ የመታው ቲማቲም ምን እንደሚሆን ይህን ሥራ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ሲጫን ደህና ይመስላል። ዲላን አልፎ ያቤሎ ሳይደርስ ማልቀስ ይጀምራል፤ የላይኛው ሳጥን በታችኛው ላይ ያንጠባጥባል፣ የታችኛውም ያንኑ ያደርጋል። ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፤ ሞያሌ ሲደርስ የሚቆጠረው የቀረው ብቻ ነው። ሠላሳ ስምንት ሳጥን ደፋሁ። ከተረፈው ጠንካራ ጠንካራውን ለቅሜ ለኬንያ በኩል ደንበኞቼ አሻገርኩ፣ የላላውን ለምግብ ቤቶች በወረደ ዋጋ ሰጠሁ።

የሚያናድደው ደግሞ በዚያው ሳምንት ዋጋው የዓመቱ ጣሪያ ላይ መሆኑ ነው። ፍልሰታ ነው፤ የጾመኛው ቤት ሁሉ ፍትፍቱንም ሥልሱንም በቲማቲም ይሠራል። ወዲያው ዘመን መለወጫ ይከተላል። በኬንያ በኩል ያሉት ማማ ምቦጋዎች ጠዋትና ማታ እየደወሉ «ኛኛ ኢኮ?» ይላሉ። እኔም «አለ፣ ነገ» እላለሁ፤ ነገ ግን የለም። በጥር ማሳው ቀልቶ ገዢ ጠፍቶ ከብት የሚበላው ቲማቲም፣ ሰው ሁሉ በሚፈልገው ወር የለም።

ከመቂ ባቱን አልፋችሁ ወደ ሻሸመኔ ስትወርዱ በዝዋይ ሐይቅ አቅጣጫ ዓይናችሁ እስኪደክም የተዘረጋውን ነጭ ላስቲክ ሁላችሁም አይታችሁታል። ከሥሩ ያለው ጽጌረዳ ነው። አገራችን በአበባ ኤክስፖርት ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛ የሆነችው በዚያ ላስቲክ ሥር ባደገ አበባ ነው። ከአጥሩ ወዲህ ያለው ቲማቲም ግን ሰማይ ላይ ተጥሏል። ይህን መንገድ ዓመታት ተመላልሼበታለሁ፤ አንድም ቀን ግን «ለጽጌረዳው ጣራ ካለ ለቲማቲሙ ለምን የለም?» ብዬ አልጠየቅኩም። የጠየቀችኝ ኖርዌይ ያለችው ታናሽ እህቴ ናት።

እህቴ በግቢዋ ትንሽ የላስቲክ ቤት አላት። በቪዲዮ እያሳየችኝ፣ «እቴቴ፣ እዚህ በረዶ ባለበት አገር እኔ ቲማቲም እየለቀምኩ እናንተ እንዴት ታጣላችሁ?» አለችኝ። አላረፈችም፣ ገንዘብም ላከች። 2014 ነበር። እኔም ኦቦ እያልኩ ከምጠራቸው የመቂ ገበሬ ጋር ተስማምቼ፣ እሷ ያሳየችኝን የመሰለ ቤት አሠራን። ላስቲኩ እስከ መሬት ወርዶ በአፈር የተቀበረ፣ በር ያለው፣ ጥፍጥፍ ያለ ቤት። ሠርግ የሚደረግበት ይመስል ነበር።

መጋቢት መጣ። እኩለ ቀን ላይ ገብቼ መተንፈስ አቃተኝ። ተክሉ እንደ ጫካ ለምልሟል፣ አበባውም ሞልቷል፤ ግን በጣት ሲነኩት ይረግፋል። ፍሬ የለም። ኋላ የገባኝ፣ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ የቲማቲም አበባ ዱቄት አይሠራም፤ ቅጠሉ ይበዛል፣ ፍሬ አይቋጥርም። በዚያ ላይ ቲማቲም አበባውን የሚያወዛውዝለት ነፋስ ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ነፋሱን በላስቲክ ዘግተንበታል። ንጋት ላይ የገዛ ራሱ እንፋሎት ከጣራው እየተንጠባጠበ ቅጠሉን ያረጥበዋል፤ በሽታውን ከውጭ ሸሽተን ከውስጥ አመጣነው።

ኦቦ ለሁለት ሳምንት ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ አንድ ቀን ቢላ አምጥተው የግራና የቀኙን ላስቲክ ከወገብ በታች ቀድደው ጣሉት። «አዴ፣ እኛ ለችግኝ ከድሮ ጀምሮ ዳስ እንሠራለን። አራት እንጨት፣ ላዩ ላይ ሣር። አንቺ ዳስ በቂ በሆነበት ቤት ሠራሽ» አሉኝ። አፈርኩ፤ ግን ያ አባባል ካነበብኳቸው ወረቀቶች ሁሉ ይበልጣል። በእህቴ አገር ላስቲኩ የሚጠብቀው ከብርድ ነው፤ ሙቀት ማጠራቀም አለበት፣ ስለዚህ ይዘጋል። በመቂ የሚጎድል ሙቀት የለም። እኛን የሚገድለን ከላይ የሚወርደው ውሃ ነው። የሚያስፈልገን ዳስ ነው።

ምክንያቱን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችን «ዝናብ አበላሸው» ብለን እናልፈዋለንና። ቅጠሉን የፈላ ውሃ እንደ ነካው የሚያጠቁረው የክረምት በሽታ፣ ባለሙያዎቹ ሌት ብላይት የሚሉት፣ ቅጠል ላይ ለማረፍና ለመግባት ቅጠሉ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ቀዝቀዝ ያለ ደመናማ ቀን ሲጨመርበት ማሳ ሙሉ በሳምንት ውስጥ ይጠቁራል። ገበሬው መድኃኒት ይረጫል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያጥበዋል፣ በነጋታው እንደገና ይረጫል። ከተረጨ በኋላ ሳይለቀም መቆየት ያለበት ቀን አለ፤ ነሐሴ ላይ ግን መኪናው በር ላይ ቆሞ ማን ይጠብቃል? ያንን ቲማቲም የምንጭነው እኛ ነን፣ የሚበላውም የእኛው ቤተሰብ ነው። ይህን ጉዳይ በገበያ ስናወራው ሁላችንም ድምፃችንን እንቀንሳለን። ከላይ ጣራ ካለ ቅጠሉ አይረጥብም። ጭራሽ አይታመምም አልልም፤ የርጭቱ ቁጥር ግን በጣም ይቀንሳል።

«ታዲያ እዚሁ ሞያሌ ለምን አይተከልም? ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ደረቅ ነው» የሚለኝ አለ። እውነት ነው፣ የቦረና ዝናብ በፀደይና በጥቅምት አካባቢ ነው፤ ክረምት የምንለው እዚህ አይዘንብም። ግን ሞያሌ ለሚጠጣው ውሃ የሚሰለፍ ከተማ ነው። በጄሪካን ውሃ ቲማቲም አይለማም።

ወደ ዳሱ ልመለስ። የመጀመሪያው ላስቲክ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር በርካሽ የገዛነው ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው እንደ ብስኩት ተሰባበረ። ፀሐይ የሚችል ተብሎ ለእርሻ የሚሠራው ሌላ ነው፤ ውፍረቱ 200 ማይክሮን የሆነው በጥንቃቄ ከተያዘ ሦስት ዓመት ይሄዳል። ያንን ሳውቅ ገንዘቤ አልቆ ስለነበር አንድ ዓመት ሙሉ ቀጥ ብሎ የቆመ አጣና ብቻ ይዘን ከረምን፤ መንገደኛ ሁሉ ይስቅ ነበር። በ2017 እንደገና ሠራነው።

ወርዱ ስምንት ሜትር፣ ርዝመቱ ሠላሳ። የመሐሉ አጣና ሦስት ሜትር፣ የዳሩ ሁለት ሜትር፤ ጣራው ዘቅዘቅ ካላለ ውሃ ይቋጥርና በአንድ ሌሊት ይቀድደዋል። ዝቅ ካደረጋችሁትም እንደ በፊቱ ይጋገራል። ጎኑ ክፍት ነው፤ ዝናብ በጎን እንዳይገባ ላስቲኩ በሁለቱም በኩል ግማሽ ሜትር ያህል ወጣ ይላል። የአጣናው ጫፍ በተቃጠለ ዘይት ተነክሮ ነው የተቀበረው፣ ለምስጥ። ምስማሩ ላስቲኩን እንዳይበላው ከሥሩ ቆርኪ ይደረግበታል፣ ማሰሪያው ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ነው፤ ገመድ ይቆርጠዋል፣ ካላማዳሪ ግን ከነፋሱ ጋር ይለጠጥለታል። ይህን ሁሉ የማውቀው በምስማር ብቻ የተመታው የመጀመሪያው ጣራ ሲበር ስላየሁ ነው።

ሌላው ትምህርት ዙሪያውን ቦይ መቆፈር ነው። በአንድ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከ240 ካሬ ሜትር ጣራ ወደ አምስት ሺህ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወርዳል። ቦይ ከሌለ ያ ውሃ ተመልሶ ሥሩ ውስጥ ይገባል። ቦዩ ወደ ጉድጓድ ከመራው ደግሞ፣ ከጣራ ሥር ያለው ተክል ዝናብ ስለማያገኝ፣ ያንኑ ውሃ መልሳችሁ ታጠጡታላችሁ። በክረምት ውሃ ማጠጣት ሞኝነት ይመስላል። ግን ለሥሩ ብቻ እንጂ ለቅጠሉ አይሰጥም፤ የዳሱ ጥቅም እዚያ ላይ ነው።

ዘሩም ይለያል። መቂ የለመደው ቁጥቋጦ ሆኖ የሚቆመውን፣ ሮማን የመሰለውን ነው፤ እሱ ፍሬውን ባንድ ጊዜ አውርዶ ይጨርሳል። ለእሱ ጣራ መሥራት ለአንድ ቀን እንግዳ ቤት እንደ መሥራት ነው። ከጣራ ሥር የሚያዋጣው በገመድ ተይዞ ወደ ላይ እየወጣ ለወራት የሚያፈራው ነው። ኬንያ በኩል አና የሚባለው ዲቃላ በዚህ የታወቀ ነው። አደራ፣ ዘር በኪስ አታሻግሩ። በ2013 አንድ ላይ የተከፈተው የሞያሌ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ እያለ፣ የዕፅዋት ጤና ወረቀት የሌለውን ዘር በሸማ ጠቅልሎ ማሳለፍ በሽታ ማሻገር ነው። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ትል ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በእግሩ አይደለም።

አሁን ሒሳቡን። የንግድ ሥራ ዲፕሎማዬ ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይ ነው የሚውለው፤ እዚህ ጋ ግን ጠቀመኝ። በብር አልጽፍላችሁም፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ብር ለነገ አይሠራም። በሳጥን ነው የምቆጥረው፣ በነሐሴ ሳጥን። ላስቲኩ የአሥር ሳጥን ዋጋ ወሰደ። አጣናው፣ ምስማሩና የእጅ ዋጋው አምስት። ላስቲኩን በሦስት ዓመት፣ እንጨቱን በሁለት ዓመት እርጅና ብንቀንስለት፣ ጣራው በዓመት ወደ ስድስት ሳጥን ይበላል። ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ርጭት፣ ገመድና የሠራተኛ ቀለብ ዘጠኝ ሳጥን። ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ ጥቅምት የተለቀመው ሠላሳ አንድ ሳጥን ነው። ከጎኑ፣ ጣራ የሌለው ያው ስፋት ያለው መሬት ስድስት ሳጥን ሰጠ፤ ለርጭት የወጣበት ብቻ ከዚያ ይበልጥ ነበር። የአንድ ቦታ የአንድ ክረምት ሒሳብ ነው፤ ለእናንተም እንዲሁ ይሆናል አልልም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ያቆየሁት አለ። በዚያ በፍልሰታው አይሱዙ ላይ ከነበሩት መቶ ሳጥኖች አሥራ አራቱ ከጣራ ሥር የተለቀሙ ነበሩ። ኦቦ በቀይ ክር አስረውልኝ ነበር። ከአሥራ አራቱ የተደፋው አንድ ብቻ ነው። ደርቆ የተለቀመ ቲማቲም፣ መቅላት ሲጀምር ከተለቀመ፣ ሞያሌን ይችላል። ሠላሳ ሰባቱ የተደፉት ጣራ ከሌለው ነው። ለእኔ ከምርቱ ብዛት ይልቅ ይህ ነው የገረመኝ፤ ጣራው የሠራው ማሳው ላይ ብቻ ሳይሆን መንገዱም ላይ ነው።

ይህን ለአንድ ለማከብራቸው አንጋፋ ነጋዴ ሳወራቸው ቡናቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ነሐሴ ላይ ቲማቲም ከሞላ እኛ ምን ይተርፈናል? የእኛ ትርፍ እኮ እጥረቱ ነው» አሉኝ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፣ ሁላችንም የምናስበውን በግልጽ ተናገሩ። እኔም ለዓመታት ነሐሴን እንደ ቦነስ ነበር የማያት።

ሒሳቡ ግን እንደዚያ አይወጣም። የነሐሴ ሳጥን ትርፉ ትልቅ ነው፤ ሳጥኑ ግን ጥቂት ነው፣ ከጥቂቱም ሲሶውን መንገድ ይበላዋል። የስድስት ዓመት ደብተሬን አገላብጬ ሳይ ነሐሴ ኪሴን የሞላባት ዓመት አንድ ብቻ ናት። የቀሩት ዓመታት ነሐሴ የሰጠችኝን ነሐሴ መልሳ ወስዳዋለች። ደንበኛስ? አስፋልቱ ለሁለቱም ወገን ነው የተሠራው። ከሙዌያ ወይም ከሎይቶክቶክ የተጫነ ቲማቲም በማርሳቢት በኩል ሲመጣ፣ ባዶ ጠረጴዛ ይዛ የምትጠብቀኝ ማማ ምቦጋ እኔን ለመጠበቅ መሐላ የለባትም። መስከረም ላይ ስመለስ «ሌላ ሰው አለኝ» ትለኛለች። በእጥረት የተገኘ ደንበኛ በእጥረት ይሄዳል።

እውነቱን ለመናገር የአንጋፋው ነጋዴ ስጋት ባዶ አይደለም። ሁሉም ገበሬ ነሐሴ ላይ ቢያመርት ዋጋው ይወርዳል፣ ጣራው ላይ የወጣው ሳጥንም ቶሎ አይመለስም። ለዚያ ግን ገና ብዙ ክረምት አለን።

ይበልጥ የሚያስፈራኝ ኬንያ ውስጥ ያየሁት ነው። ወደ ናይሮቢ ስሄድ ከኢሲዮሎ ወደ ሜሩ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ አንድ የሴቶች ማኅበር የላስቲክ ቤት አሳዩኝ። ሲሰጣቸው ሪባን ተቆርጦ ነበር። ስደርስ ላስቲኩ ተቀዶ፣ ውስጡ አረም ብቻ ነው። ገንዘብ ጠፍቶባቸው አልነበረም። ቤቱ ለቲማቲም ስለተሰጠ በየወቅቱ፣ በዚያው አፈር ላይ፣ ቲማቲም በቲማቲም ሲተክሉ ኖሩ። ከዚያ አጠውልግ ገባ። አንዷ እናት ከዳር የበቀለ አንድ የጠወለገ ግንድ ቆርጣ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አቆመችልኝ። ጥቂት ቆይቶ ከቁራጩ ሥር እንደ ወተት ክር የመሰለ ነገር ወደ ታች ወረደ። ባክቴሪያው እሱ ነው። ተክሉ አረንጓዴ እንደሆነ በቀን ይጠወልጋል፣ መድኃኒት የለውም፣ አፈሩ ውስጥ ይቀራል። የደቡብ ሰዎች የእንሰት አጠውልግን ታውቃላችሁ፤ ተሕዋሲው ሌላ ነው፣ ሐዘኑ ግን ያው ነው።

ስለዚህ የብረት ቤት አልመክርም። ብረት አንድ ቦታ ተተክሎ ይቀራል፣ ገበሬውንም እዚያው ያስረዋል። አጣናና ካላማዳሪ ተነቅሎ ወደ ሌላው ጥማድ ይዛወራል። ቲማቲም በነበረበት በሚቀጥለው ሽንኩርት ወይም ጎመን ወይም በቆሎ ይገባል፤ ቃሪያና ድንች ግን የቲማቲም ዘመዶች ስለሆኑ አይተኩም። ሁለት ቦታ የሌለው ገበሬ ጋ ጣራ ባይሠራ ይሻላል።

ጣራ የማይገባውም አለ። ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ ድንች ወጪውን አይመልሱም። ችግኝ መደብ ላይ ግን ትንሽ ወጪ ብዙ ይመልሳል፤ ሣሩን በቀጭን መረብ መተካት ብቻ ነጭ ዝንብን ያግዳል፣ ነጭ ዝንብ ደግሞ ቅጠል የሚያጠቀልለውን ቫይረስ የምታመጣው ናት። ደጋ ላይ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ ዘመድ ያላችሁም ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰላጣና ቆስጣቸውን ውርጭ ሲያቃጥለው ሰምታችኋል፤ ለእነሱ የሚበጀው ሌላ ነው፣ በቀርከሃ ቅስት ላይ ማታ የሚለበስ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ የሚገፈፍ ዝቅተኛ ሽፋን። እዚያ የእህቴ ሐሳብ ትክክል ነው።

አሁን ወደ እኛ ወደ ነጋዴዎች ልምጣ፣ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። ሁላችንም ለገበሬው ቀብድ እንሰጣለን። ሰኔ ላይ ገንዘብ እንሰጥና ነሐሴ ላይ ማሳው ጠቁሮ እናገኘዋለን። ገበሬው ስልኩን ያጠፋል፣ እኛ ሽማግሌ እንልካለን፣ የሁለት ዓመት ወዳጅነት በአንድ ዝናብ ይፈርሳል። እኔ ራሴ እንደዚህ ሁለት ሰው አጥቻለሁ፤ አንደኛው ልጁን ክርስትና ያነሣሁለት ነበር። ዛሬም መንገድ ላይ ስንገናኝ አንገታችንን እናዞራለን። ያንን ገንዘብ ዝናብ እንደሚበላው እያወቅን በየዓመቱ መስጠታችን ንግድ ነው ወይ?

የምለው፣ ከቀብዱ ግማሹን በላስቲክ እንስጥ። ጥቅሉ ለአንድ ሰው ስለሚከብድ አምስት ነጋዴ እቁብ ገብቶ በአንድ ጥቅል መጀመር ይቻላል። ላስቲኩ ዕዳው እስኪከፈል የነጋዴው ነው፣ አጣናውና ጉልበቱ የገበሬው። ከኦቦ ጋር የተስማማነው ከየአምስቱ ሳጥን አንዱ ለላስቲኩ እንዲቆጠር ነው፤ በመጀመሪያው ክረምት ከአሥሩ ስድስቱ ተመለሰ። ነፋስ ቢቀድደው ጉዳቱ ለሁለት ነው። ይህን በወረቀት ጻፍነው፣ ሁለት ምስክር ፈረመበት። ያልጻፍነው የቱን እንደሚበልጥ ለማንም እንዲሸጡ ነው፤ አምና በመጨረሻው ለቀማ አምስት ሳጥን ለሌላ ነጋዴ ሰጡ፣ ቅር አለኝ፣ ግን ወረቀቱ ላይ የለም። ዘንድሮ ይገባል።

አንድ ግዴታ ግን ያለ ድርድር አስገብቻለሁ። ያረጀው ላስቲክ እስከ መጨረሻው ቁራጭ ተሰብስቦ ይመለስልኛል። ቦረና ላይ የከብት ሆድ ሲከፈት ላስቲክ የወጣበትን ያየ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም። ኬንያ በእነሱ አቆጣጠር ከነሐሴ 2017 ጀምሮ የላስቲክ ከረጢት ስትከለክል ድንበሩ ላይ ያጉረመረምነው እኛ ነበርን፤ እኔም አንዷ ነበርኩ።

ነሐሴ ላይ ለመልቀም ዘሩ ሚያዝያ አጋማሽ ሳያልፍ መደብ ላይ መውደቅ አለበት፣ ግንቦት አጋማሽ ላይ ይዛወራል፣ ሰኔ ዝናቡ ሲከፍት ጣራው ላዩ ላይ ይሆናል። ሰኔ ላይ የሚጀምር ሰው ለመስቀል ነው የሚደርሰው፤ ያኔ ደግሞ የሁሉም ይደርሳል። በእቁባችን ሦስት ሰው ሆነናል። አንጋፋው ነጋዴ ገና «አስብበታለሁ» ላይ ናቸው፤ ባለፈው ሳምንት ግን የላስቲኩን ውፍረት ጠየቁኝ።

ትናንት ማታ ኦቦ ደወሉ። የመጋቢት ነፋስ የምሥራቁን ዳር ላስቲክ ሁለት ክንድ ያህል ገልጦታል፣ አልተቀደደም፣ ማሰሪያው ነው የተበጠሰው። «አዴ፣ እዚያ ጎማ ቤት ብዙ አለ አይደል? ካላማዳሪ ፈልጊልኝ» አሉኝ። ዛሬ ሦስት ጎማ ቤት ዞሬ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ሰብስቤያለሁ። ዓርብ ባዶውን በሚመለሰው አይሱዙ ይሄዳል።